የሐጂን ልብ ስንጠብቅ

ጅዳ፣ የካቲት 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ ለወይዘሮ አዚዛ፤ ካዛንቺስ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ጎረቤቶችሽ እንደምን አሉ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ያሳደገኝን ቤት አላህ በራህመቱ ይሸፍንልኝ።

እቴቴ፣ ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ባልሽ ሐጂ ሱሌማን በሚመለሱበት አውሮፕላን ለምትሳፈር አንዲት የመርካቶ ሴት የሰጠሁት አውቄ ነው። እሳቸው ራሳቸው ይዘውት እንዲመጡ አልፈለግኩም።

ሐጃቸውን ጨርሰው እኔ ጋ ሲያርፉ፣ መካ ላይ ሁለት ጊዜ ደረታቸውን ይዘው መንገድ ዳር እንደተቀመጡ ከጓደኞቻቸው ሰማሁ። እሳቸው እንደሆነ አይናገሩም። ስለዚህ «የምሠራበትን ላሳይዎት» ብዬ ወደ ሆስፒታሉ ወሰድኳቸው። የራጅ ማሽኑን ቀለበት ሲያዩ «ይሄማ የገልባጭ መኪና ቸርኬ ነው!» ብለው ሁሉንም አሳቁ። እየሳቁ አስተኛኋቸው።

ማሽኑ ደረትን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ያሳያል። የምንፈልገው ልብን ራሷን በሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ የተጋገረ ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ ሲፈላ የሚቀረውን ነጭ ነገር ታውቂው የለ? እንደዚያ ያለ። ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ ኮምፒዩተሩ ነጩን ደምሮ ቁጥር ይሰጣል። ባዶ ከሆነ እሰየው ነው። አራት መቶ ካለፈ ሐኪሞች መኮሳተር ይጀምራሉ። የሐጂ ከዘጠኝ መቶ በላይ ነው።

ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፤ ዐረብኛውን እንዳስተረጉምላቸው ፊታቸው አቆመኝ። «ንገረው፤ ይህ ሰው ከባድ ነገር አያንሳ፣ ቅባት ያቁም፣ አገሩ ሲገባ የልብ ሐኪም ይከታተለው» አለኝ። ሐጂ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ማሻአላህ፣ የወጣት ልብ ነው ይላል» አልኳቸው። ሐኪሙን እጁን ጨብጠው ዱዓ አደረጉለት።

ታላቅ ወንድማቸው «ስኳር አለብህ» ከተባለ በኋላ ከአልጋው እንዳልተነሳ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። እሱን እያሰብኩ ነው የዋሸኋቸው። ሁለት ዓይነት ኪኒን ልኬልሻለሁ፤ ከየዓይነቱ በቀን አንድ አንድ ይውሰዱ። አንዷ አስፕሪን ናት፣ ሌላዋ የደም ቅባት የምትቀንስ። እንዴት እንደምታስውጫቸው አንቺ ታውቂያለሽ።

ልጅሽ ኢዘዲን

---

ካዛንቺስ፣ መጋቢት 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢዘዲን

ወአለይኩሙ ሰላም። ካለህበት አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ከመንገድ አደጋ ይጠብቅህ፣ አሚን።

ደብዳቤህን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት፤ ሌላ ብቸኛ ቦታ የት አለ ብለህ ነው! እዚያው ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሐጂ ከውጭ «ምን ሆነሻል፣ ልትወልጂ ነው?» ይለኛል።

ያልነገርከው ደግ አደረግክ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እንግዲህ ባዳ ሆኖ ይቆይ። ግን አንተ ልጅ፣ «የወጣት ልብ» ብለህብኝ አሁን በምን ልያዘው? ከመጣ ጀምሮ ላንቻ ያለው ጎሚስታ ቤታችን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚገባው። ለሠራተኛው ለሊካሳ የገልባጭ መኪና ጎማ አንስቶ «የጅዳ ሐኪም የመሰከረለት ልብ ይሄ ነው» አለው። እኔ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች።

ኪኒኖቹን «ከመካ የመጡ ናቸው፣ በዘምዘም ውሃ ብቻ ነው የሚዋጡት» አልኩት። ቢስሚላህ ብሎ ዋጣቸው። ዘምዘሙ ሲያልቅ የቧንቧ ውሃ እሞላበታለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ክትፎውንም አስቀረሁ። «ቅቤ ተወዷል» ስለው፣ «ለቅቤ ያልሆነ ሀብት ለመቼ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሄዶ ከሥጋ ቤት እንዳይበላ ባለቤቱን አስጠነቀቅኩት። ካዛንቺስ ያለ ሥጋ ቤት ሁሉ እኔን ፈርቶ ነው የሚኖረው።

ከዛሬ ጀምሮ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ። ያ የብረት መዝጊያ ዝጎ፣ ወደ ላይ ሲገፋ ወገብ ይሰብራል። ሊካሳ ከአቃቂ እስኪመጣ ከጠበቅኩ ሐጂ ይቀድመኛል። ጎማዎቹንም እሱ ሳይደርስ እያንከባለልኩ ወደ ውጭ አወጣለሁ። ምን ላድርግ? እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ጨጓራዬ አልፎ አልፎ ከማቃጠሉ በቀር።

አሁን እውነቱን ንገረኝ። በዚህ ቁጥር ሰው ስንት ዓመት ይኖራል?

እናትህ አዚዛ

---

ጅዳ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለወይዘሮ አዚዛ

የአላህ ሰላም በቤትሽ ይግባ፣ አይውጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም ፍርሃቴም አንድ ላይ መጣ።

ስንት ዓመት ይኖራሉ ላልሽው፣ ማሽኑ እሱን አያውቅም። እንደ ሐጂ ዓይነት ፎቶ ያላቸው መቶ ሰዎች ቢሰለፉ፣ ብዙዎቹ ዓመቱን ቆመው ይጨርሳሉ፣ ጥቂቶቹ ይወድቃሉ። የትኛው እንደሚወድቅ ፎቶው በስም አይጠራም። ብቻ የእነሱ ሰልፍ ከሌላው ሰልፍ ቶሎ ይሳሳል። ቁጥሩ «ተጠንቀቅ» ነው የሚለው። እየተጠነቀቁ ብዙ ዘመን የኖሩ አሉ።

ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ይጠቅማቸዋል። በጠዋት መስቀል አደባባይ ይሂዱ፤ ደረጃውን ከወጣቶቹ ጋር እንዳይሮጡት እንጂ። አንቺ መዝጊያውን ካልተውሽ ግን ሊካሳን በጊዜ አስመጪው። የጨጓራ ኪኒን ልኬልሻለሁ፤ በርበሬ ቀንሺ፣ ባዶ ሆድሽን አትዋዪ።

ልጅሽ ኢዘዲን

---

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዘዲን፣ ዕድሜህን ያርዝመው

ቶሎ ያልጻፍኩልህ ደክሞኝ ነው እንጂ ረስቼህ አይደለም። ልጅ እንዴት ይረሳል?

ሐጂን ብታየው አታውቀውም። ቦርጩ ሟሟ፣ ፊቱ ጠራ። ማለዳ መስቀል አደባባይ ይሄድና ከጡረተኞች ጋር ወሬ እየቀደደ ይዞራል። «ሴትየዋ በቁሜ ልትወርሰኝ ነው፤ ሱቄን ቀማችኝ፣ ቅቤዬን ቀማችኝ» እያለ ያማኛል አሉ። ይማኝ። አፉ እየሠራ እስከሆነ ድረስ ልቡም ትሠራለች ማለት ነው።

የላክኸው የጨጓራ ኪኒን ግን አልሆነልኝም። ብርድም መቶኛል መሰለኝ። ጠዋት መዝጊያውን ገፍቼ ስጨርስ ከጀርባዬ ይነሳና መንጋጋዬን ይይዘኛል፤ ጥርሴን የሚነቅሉኝ ነው የሚመስለኝ። ማታ ደግሞ ታክሲው መስቀል አደባባይ ያወርደኛል፣ ከዚያ ወደ ካዛንቺስ ያለችውን ዳገት ሳልጨርስ እቆማለሁ። ሰው እንዳይታዘበኝ የጫማ ሱቅ መስኮት አያለሁ። ቆም ስል ይለቀኛል። ላቤ ደግሞ በዚህ ብርድ ይወርዳል። ተልባ እየጠጣሁ ነው። ዕድሜም መጥቷል እኮ፣ በቃ።

የሐጂ ኪኒን ሊያልቅ ስለሆነ ቶሎ ላክ። እሷን ብቻ እንዳትረሳ።

እናትህ አዚዛ

---

ጅዳ፣ ሰኔ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ሰላምታዬ ከልብ ነው፤ ዛሬ ግን አላስረዝምም።

ትናንት አንዲት በአንቺ ዕድሜ ያለች እናት ማሽናችን ላይ ተኛች። ዓመት ሙሉ «ጨጓራዬን ነው» ስትል ኖራለች። ደረጃ ስትወጣ መንጋጋዋን ይይዛታል፣ ስትቆም ይለቃታል። ፎቶዋ ሲወጣ የልቧ ደም ሥሮች ዳርና ዳር ነጭ ነበሩ። ሐኪሙ «ሴቶች ሁልጊዜ ደረቴን አይሉም፤ ጨጓራ ይላሉ፣ ጀርባ ይላሉ፣ ድካም ይላሉ። እኛም አብረን እንሳሳታለን» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ደብዳቤሽን አወጣሁ። ያቺ ሴት የተናገረችውን አንድ በአንድ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ደግሞ የጨጓራ ኪኒን ልኬልሽ ተኝቻለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይሄ ብርድ አይደለም እቴቴ፤ ልብሽ ነው ብዬ እፈራለሁ። ደብዳቤዬ ሲደርስሽ በማግስቱ ሆስፒታል ሂጂ። መዝጊያውን አትንኪ። ጎማ አታንከባልዪ። አስፕሪኗን አንቺም ጀምሪ። ለሐጂ ንገሪያቸው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

በጎረቤትሽ በእትዬ ጦቢያ ስልክ ደውዬ እጠራሻለሁ፤ እባክሽ ቅረቢ።

ኢዘዲን

---

ካዛንቺስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዘዲን፣ አላህ ልብህን ያረጋጋልህ

ምን ነካህ አንተ ልጅ? በአንድ ቤት ሁለት የልብ በሽተኛ! አላህ እንደዚያ አያደርግም።

ይኸው እንዳትቆጣኝ ሄድኩልህ። ስታዲየም አካባቢ ያለ ክሊኒክ አስተኝተው ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፈው የልብ ንባብ አነሱኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «እናቴ፣ ልብዎ ደህና ነው» አለኝ። እንግዲህ ማንን ልመን? የመድኃኒት ቤቷም ልጅ ጨጓራ አለብኝ ስላት «አስፕሪን እንዳይነኩ፣ ለጨጓራ ጠላት ነው» አለችኝ። ስለዚህ ኪኒኑ ለባለቤቱ ይቅር።

ለሐጂ ልንገረው? «ከማን ሰማሽ?» ይለኛል። «ከኢዘዲን» እላለሁ። «ኢዘዲን በደብዳቤ ያንቺን ልብ ካወቀ፣ አስተኝቶ ያነሳውን የኔንማ እንዴት አጣው?» ይላል። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ ጫፏን ከያዘ ሁሉንም ያወጣዋል። ወንድሙ እንዴት እንደሞተ አይቻለሁ። ያንን ቀን ድጋሚ ከማይ የኔ መንጋጋ ይቆረጥ።

በእትዬ ጦቢያ ስልክ ሐጂን አቅርቡልኝ ማለትህን ሰምቻለሁ። «ሰላት ላይ ነው» ያስባልኩት እኔ ነኝ። ዳግመኛ እንዳትደውል። የእሷ ሳሎን ውስጥ የተነገረ እስከ ስታዲየም ይሰማል። በስልክ «ወላሂ የእሳቸውን የልብ ነገር ለሐጂ አልናገርም» ያልከኝን እንዳትረሳ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አንተ እንድትረካ ግን ለረመዳን ዑምራ መጥቼ ቸርኬህ ውስጥ እገባልሃለሁ። እስከዚያ ተወኝ። ክረምቱ ከብዶናል፣ ጎማ በውሃ ተሞልቶ እንደ ድንጋይ ነው።

እናትህ አዚዛ

---

ጅዳ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሐጂ ሱሌማን፤ ላንቻ፣ ጎሚስታ ቤት፤ በእጅዎ

ይህ ደብዳቤ ስለ እቴቴ ነው። ስለ ሌላ ሰው ምንም የለበትም፤ እባክዎ ሳይደነግጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። የአላህ ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን።

ሐጂ፣ እቴቴ ብርድ ነው፣ ጨጓራ ነው የምትለው ሕመም የልብ ይመስለኛል። ዳገት ስትወጣ፣ መዝጊያውን ስትገፋ መንጋጋዋንና ጀርባዋን ይይዛታል። ስትቆም ይለቃታል። የእኛ ሐኪም ምልክቱን ስነግረው «እዚህ ብትሆን ዛሬውኑ አነሳት ነበር» አለኝ። ክሊኒክ ሄዳ ደህና ነሽ ብለዋታል። ግን ያ ንባብ የሚነሳው ተኝተው ነው። የቆመ መኪና ጎማ ቆንጆ መስሎ፣ ጭነት ሲያርፍበት ይፈነዳ የለ? እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

እርስዎን ብቻ ነው የምትሰማው። ዛሬውኑ መዝጊያውን እንዳትነካ ይከልክሏት። ነገ የልብ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ «ስትደክም መንጋጋዋን ይይዛታል» ብለው እርስዎ ይንገሩላቸው፤ እሷ ጨጓራ ነው የምትላቸው። ረመዳን ሩቅ ነው። የመግቢያ ፈቃዷን ጀምሬያለሁ፤ እንደተሳካ እዚህ አምጥቼ ውስጡን እናየዋለን። ከተዘጋ የሚከፍቱ ሐኪሞች አሉ። ሐጂ፣ ከእርስዎና ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ደብዳቤውን የሚያመጣልዎት አባዲ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። ለቤት ሳይሆን ለሱቅ አድርስ ብየዋለሁ።

ልጅዎ ኢዘዲን

---

ካዛንቺስ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኢዘዲን

ሰላምታውን እንኳ ልተወው ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። አላህ ይጠብቅህ።

አባዲ የሚሉት ልጅ ሱቅ ሲመጣ ሐጂ መስቀል አደባባይ ነበር። ሱቁ ላይ ማን ያለ መስሎህ ነው? እኔ ነኝ። ልጁ «ለሐጂ በእጅ ነው የተባልኩት» ብሎ አስቸገረኝ። «እኔ ማን ነኝ ታዲያ፣ ጎረቤቱ?» ብዬ ተቀበልኩት። ፖስታው ላይ «በእጅዎ» የሚለውን ሳይ ደሜ ፈላ። ይኸው ወንድነትህ! ወላሂ ብለህ ምለህልኝ፣ ከጀርባዬ ልትነግረው!

አልከፈትኩትም። የሰው ደብዳቤ አልከፍትም፤ ምን እንዳለበት ግን አላጣሁትም። ጎማ የምንጠግንበት እሳት ላይ ጣልኩት። እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አየሁት። ሐጂ ሲመጣ «ምን ይሸታል?» አለኝ፤ «ጎማ ነዋ» አልኩት። ስድስት ወር በመዳፌ ይዤ ያቆየሁትን ሰው በአንድ ወረቀት ልትጥለው ነበር እኮ! ለምን ልጄ? ምን በድለንህ?

አሁን ተረጋግቻለሁ። ልጅ ነህ፣ ፈርተህ ነው፣ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም በል፣ ከዚህ በኋላ ለሱቁ አትጻፍ።

እኔን እንደሆነ ሌሊት ትንሽ ያስቸግረኛል፤ ትራስ ደራርቤ ነው የምተኛው። ትናንት መዝጊያው አጋማሽ ላይ እምቢ ብሎኝ መሬት ተቀመጥኩ። አንድ የታክሲ ረዳት ነው የገፋልኝ። ክረምቱ ሲወጣ ይተወኛል። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሱቁን አጥበን ጎማውን በሙሉ እናወጣለን። ሊካሳ አገሩ ልሂድ ብሏል፤ ምን ይደረግ፣ እኔው ነኝ። ሐጂ «እኔ ላውጣ» ሲል ቁጣዬን ብታይ! እንደ ሕፃን ኩርፍ ብሎ ሄደ።

ኪኒኑን ላክ። ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሰህ፤ ዓመቱን የጤና ያድርግልን።

እናትህ አዚዛ

---

ጅዳ፣ መስከረም 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

እቴቴ፣ የኔ እናት፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ቀትር ላይ ደረሰኝ። ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ያቃጠልሽው ስለ አንቺ ነበር። ስለ ሐጂ አንድ ቃል የለበትም፤ መሐላዬን አልበላሁም። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ብታነቢው!

አትደውል ብትይኝም ሮጬ ሄጄ ደወልኩ። እትዬ ጦቢያ አነሱ። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አልኳቸው። «የዓመት በዓል እንግዶች ናቸው» አሉኝ። የዓመት በዓሉ እኮ ካለፈ ቀናት ሆኖታል። «አክስቴን ጥሩልኝ» ስላቸው «ጋደም ብላለች» አሉ። «ሐጂንስ?» «እሱም ደህና ነው፣ ሰዎች ከበውታል።» ከዚያ ድምፃቸው እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም፤ «ኢዙዬ፣ ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ብቻህን ነህ?» አሉኝ። አብሮኝ የሚኖረው ጉርሜሳ ተከትሎኝ እንደመጣ ስነግራቸው «እስቲ እሱን አቅርበው» አሉ።

ጉርሜሳ ጀርባውን ሰጥቶኝ «እሺ» አለ። እንደገና «እሺ» አለ። ሲጨርስ «ምን አሉህ?» አልኩት፤ «መስመሩ ጥሩ አይደለም» ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓት እንኳ ብቻዬን አልተወኝም። ራት ሠራልኝ፤ «ብላ፣ ሞቅ እያለ ብላ» ይለኛል። የነገ ተረኛነቴን ሳልጠይቀው ከሌላ ሰው ጋር አቀያየረልኝ። «ከፈጅር በኋላ የሀገር ልጆች ሊጠይቁህ ይመጣሉ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔም ከዚያው አገር ነኝ፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ ይታየኛል፤ ቃሉን ግን እስካሁን ማንም አልተናገረም። እስኪያንኳኩ ድረስ ምንም አልሰማሁም። ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍ እችላለሁ፣ ፖስታው ላይ ስምሽን መጻፍ እችላለሁ።

ጤናሽ እንዴት ነው እቴቴ? ያ መንጋጋሽን የሚይዝሽ ለቀቀሽ?

ልጅሽ ኢዘዲን